ጥፋቱ ከታች ሲታይ፣ ምክንያቱ ከላይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ሊቦ ከምከም ወረዳ ሲገባ ይፋግን ያገኛታል። ዛሬ በመኪና ቶሎ የምትታለፍ ከተማ ትሁን እንጂ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ዙሪያ ከነበሩት ታዋቂ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌ ጨውና ጥጥ የጫኑ ነጋዴዎች ይመላለሱባት ነበር። ጥጥ ባለበት ፈታይ አለ፤ ፈታይ ባለበት ሸማኔ አለ። የስፌት መኪና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ከሸማኔው ቀጥሎ በየገበያው በረንዳ ላይ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ተጨመረ።

ይህ ሰው ሥራ የሚበዛበትን ጊዜ ሁሉም ያውቀዋል። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይከመርበታል። ጥር 11 ሲቃረብ ደግሞ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል በእሱ ደጃፍ ሰልፍ ይሆናል። መኪናው ክር ማበላሸት የሚጀምረውም፣ ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ ብዙ ጊዜ፣ በዚያው ጥድፊያ መካከል ነው። ከጨርቁ ሥር ክር ይተበተባል፤ ስፌቱ ከላይ ይዞ ከታች እንደ ፎጣ ቀለበት ያወጣል፤ ቀጭኑ ሸማ ይኮማተራል፤ ወይም ክሩ በየክንዱ ይበጠሳል። ያኔ ልብስ ሰፊው ካቻቪቴ ያነሳል፤ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት በቦቢኑ ቤት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ደግሞ ያጠብቃል። ከሰዓት በኋላ መኪናው ጠዋት ከነበረው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዋና ነገር አንድ ነው፦ የክር ውጥረት ችግር የሚመስለው አብዛኛው ጣጣ የመነጨው ከብሎኗ አይደለም። ብሎኗ መጨረሻ የምትነካ ናት።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት መኪናው አንዲት ስፌት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና የሚሰፋው በአንድ ክር ብቻ ነበር፤ ክሩን በራሱ ላይ እያንጠለጠለ ሰንሰለት ያበጃል። እንዲህ ያለው ስፌት አንድ ጫፉ ከተሳበ ተከታትሎ ይፈታል። አሜሪካዊው ኢሊያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 ባስመዘገበው መኪና ግን መርፌው ዓይኑን በጫፉ ይዞ ጨርቁን ይበሳል፣ ሁለተኛው ክር ደግሞ ከጨርቁ ማዶ በመወርወሪያ ይመጣል። አይዛክ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 የራሱን መኪና ሲያስመዘግብም ሥራው በእነዚሁ ሁለት ክሮች ላይ ቆመ። ዛሬ በየገበያው ያሉት ጥቋቁር ባለ ፔዳል መኪናዎች፣ ሲንገርም ሆኑ የቻይናው ባተርፍላይ፣ የሚሰፉት በዚሁ ዘዴ ነው።

መርፌው ጨርቁን በስቶ ይወርድና ታችኛው ጥግ ደርሶ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ክሩ ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ከሥር ያለው መንጠቆ መጥቶ ቀለበቱን ይይዝና በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ያዞረዋል። ከዚያ በመኪናው ፊት ላይ ከፍ ዝቅ የሚለው ክር ሳቢ ክንድ የተረፈውን ክር መልሶ ወደ ላይ ይጎትታል። የላይኛውና የታችኛው ክር በጨርቁ ውፍረት መካከል ተቆላልፈው ይቀራሉ። ጉዳዩ እንደ ገመድ ጉተታ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ከጎተቱ ቋጠሮው መሐል ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከላላ ቋጠሮው ወደ በረታው ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጨርቁ ሥር የተተበተበ ክር ያየ ሰው ጥፋቱን ከሥር ይፈልጋል፤ ቦቢኑን ያወጣል፣ ብሎኗን ያጠብቃል። ከሥር የተንጠለጠለው ግን የላይኛው ክር ነው። መንጠቆው ወደ ታች የወሰደውን ክር ከላይ የሚይዘውና የሚመልሰው ነገር ስለጠፋ እዚያው ተዝረክርኮ ቀርቷል። ስለዚህ ከሥር ትብትብ ሲታይ መመርመር ያለበት የላይኛው መንገድ ነው። በተቃራኒው የቦቢኑ ክር በጨርቁ ፊት ላይ እንደ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ካለ፣ ላይኛው ክር ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም ታችኛው ከመጠን በላይ ላልቷል። የትኛው ክር የት እንደቆመ በዓይን ለመለየት የሚረዳው ቀላል ዘዴ ሁለት ዓይነት ቀለም መጠቀም ነው፦ ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ፣ ሁለቱም አንድ ውፍረት ያላቸው። ሊሰፋ ከታሰበው ጨርቅ ቁራጭ ላይ በሰያፍ ተሰፍቶ ከሁለት ወገን በኃይል ቢሳብ፣ ቀዩ ብቻ ከተበጠሰ ላይኛው ጠብቋል፤ ነጩ ብቻ ከተበጠሰ ታችኛው። ሁለቱም አንድ ላይ ከተበጠሱ ሚዛኑ ደኅና ነው።

ወደ ላይኛው መንገድ እንመለስ፤ ችግሩ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና። ክሩ ከጥቅሉ ተነስቶ መርፌው ዓይን እስኪደርስ ድረስ ዋናው ማረፊያው ሁለት ክብ የብረት ዲስኮች ናቸው። ዲስኮቹን ከፊት ለፊታቸው ያለ ሞላ ይጫናቸዋል፤ የሞላውን ጉልበት የሚወስነው በእጅ የሚዞረው ቁልፍ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል። ከ0 እስከ 9 ቁጥር በተጻፈባቸው መኪናዎች ላይ ለተራ ጨርቅ መነሻ የሚሆነው 4 አካባቢ ነው።

ታዲያ ጨርቅ የሚረግጠው የመኪናው እግር ወደ ላይ ሲነሳ ዲስኮቹ ይከፈታሉ፤ እግሩ ሲወርድ ይዘጋሉ። እግሩን አውርዶ ክር የሚያስገባ ሰው ክሩን በተዘጉት ዲስኮች ጠርዝ ላይ ብቻ አሳርፎታል። ቁልፉን እስከ 9 ቢያጠብቀውም ለውጥ አይመጣም፤ የሚጨበጥ ክር በመካከላቸው የለምና። ስለዚህ ክር ሲገባ እግሩ ይነሳ፤ ይህ ምንም የማያስወጣ፣ ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ትብትብ የሚያስቀር ልማድ ነው። በትክክል መግባቱን ማረጋገጫውም ቀላል ነው። እግሩ እንደተነሳ ክሩ በመርፌው በኩል ሲሳብ ያለ ችግር መምጣት አለበት። እግሩ ወርዶ ሲሳብ ግን መርፌው እስኪጎብጥ ድረስ ይቸግራል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከሌለ ክሩ ዲስኮቹ ውስጥ አልገባም፣ ወይም የሆነ ነገር ከፍቶ ይዟቸዋል።

ከፍቶ የሚይዛቸው ብዙውን ጊዜ ከክር የተረፈ ብናኝ ወይም በመካከላቸው ተበጥሶ የቀረ የክር ቁራጭ ነው። ለማጽዳት መኪናውን መፍታት አያስፈልግም። እግሩን አንስቶ ንጹሕ ቀጭን የሸማ ቁራጭ በዲስኮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ይበቃል። በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ መፋቅ ግን ዲስኩን ይጭራል፤ የተጫረ ዲስክ ደግሞ ክሩን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል።

ከዲስኮቹ አጠገብ ያለችው ጠምዛዛ ቀጭን ሽቦም እንዳትረሳ። ክሩ በእሷ በኩል ካላለፈ፣ ወይም ተሰብራ ከሆነ፣ ስፌቱ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይወጣል። ክር ሳቢው ክንድ ከተዘለለ ደግሞ መኪናው ጥቂት እንደሄደ ሥሩ ተተብትቦ ይቆማል።

ባለ ፔዳል መኪና ላይ ለሚማሩ ሰዎች የተለየ ፈተና አለ። መዘውሩ ሁልጊዜ ወደ ሰፊው መዞር አለበት። ጀማሪ እግሩን ሳያስማማ ሲቀር መዘውሩ ወደ ኋላ አንድ ዙር ይዞርና ክሩ መንጠቆው ውስጥ ይጠላለፋል። የዚህ መድኃኒቱ ልምምድ ነው፦ መርፌውንና ክሩን አውጥቶ፣ እግሩን አንስቶ፣ ባዶውን መኪና ደጋግሞ መርገጥ። ሲጀመር ክንዱ ከፍተኛው ቦታ ላይ መሆኑን ማየትና የሁለቱንም ክሮች ጫፍ ከኋላ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች መስፋትም የመነሻውን ትብትብ ያስቀራል። ቺንጋው ሲላላ መኪናው ይንገዳገድና ስፌቱ ወጣ ገባ ይሆናል፤ እሱንም ብዙ ሰው በውጥረት ያሳብባል።

መርፌው ሌላው የተረሳ ተከሳሽ ነው። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ካልተሰበረ በቀር የማይለወጥም እሱ ነው። ጫፉ ትንሽ የታጠፈ ወይም የደነዘዘ መርፌ ቀለበቱን በትክክል አይሠራም፤ መንጠቆው አንዱን ስፌት ይዞ ሌላውን ይስታል። መርፌው በትክክል መግጠሙም መታየት አለበት። ረጅሙ ጎድጓዳ መስመር ክሩ በሚገባበት በኩል ይሆናል፤ ጠፍጣፋው የአናቱ ጎን መንጠቆው ወዳለበት ይዞራል፤ መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይገፋል። በመርፌ ማሸጊያ ላይ የሚጻፉት ጥንድ ቁጥሮች የውፍረት ልኬት ናቸው። 90/14 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 70/10 ለሽፎንና ለስስ ጨርቅ፣ 80/12 ለሸሚዝ፣ 90/14 ለተትሮንና ለዩኒፎርም፣ 100/16 እና 110/18 ለጂንስና ለወፍራም ካኪ ይሆናሉ። ወፍራም ክር በቀጭን መርፌ ዓይን ሲያልፍ እየተፋቀ ይሄዳል፤ ሰፊው ግን የሚያየው ክሩ መጥበቁን ብቻ ነው።

ክሩም የራሱ ድርሻ አለው። አንዲት ስፌት የምትወስደው ክር ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ መንጠቆው በየዙሩ በቦቢኑ ቤት ዙሪያ የሚያዞረው ግን ብዙ ሴንቲ ሜትር ነው። የተረፈው ሁልጊዜ ተመልሶ ይሳባል። አንድ የክር ነጥብ ጨርቁ ውስጥ ተሰፍቶ ከመቅረቱ በፊት በመርፌው ዓይን ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል ማለት ነው። በፀሐይ የደረቀ፣ በየቦታው ያበጠና የቀጠነ ክር ይህን ምልልስ አይችለውም። በእጅ ሲሳብ ያለ ጉልበት የሚበጠስ ክር በማንኛውም ውጥረት አይሰፋም። ርካሽ ክር ገዝቶ ውጥረት ሲያስተካክሉ ከመዋል ደኅና ክር መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥር እንውረድ። ቦቢኑ ሲጠቀለል ክሩ ለዚሁ በተሠራችው ትንሽ ማጥበቂያ ውስጥ ካላለፈ፣ አንዱ ወገን አብጦ ሌላው ጎድሎ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለ ቦቢን አንዴ ይለቃል አንዴ ይይዛል፤ ስፌቱም ያንኑ ይከተላል። ቦቢኑ የመኪናው ትክክለኛ ዓይነት መሆኑም መረጋገጥ አለበት፤ በአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ቦቢን ቤቱ ውስጥ ይሰነቀራል ወይም ይንሸራተታል። ከዚያ ክሩ በቤቱ ስንጥቅ አልፎ ብሎኗ ከምታጠብቃት ትንሽ ምላስ ሥር መግባት አለበት። በዚያች ምላስ ሥር ከነጭ ሸማ የወጣ የጥጥ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ የዓይን ሽፋሽፍት የማታክል ፍርፋሪ እንኳ ምላሷን ከፍ አድርጋ ውጥረቱን ታጠፋለች። ወፈር ባለ ወረቀት ጠርዝ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል።

ከብረት የተሠራውን የቦቢን ቤት ለመፈተን አሮጌው ዘዴ እስካሁን የሚበልጠው የለም። ሙሉ ቦቢን ያለበትን ቤት በክሩ ጫፍ አንጠልጥሎ መያዝ ነው። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ፣ እጁ ትንሽ ሲነቀነቅ ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከቆመ ደኅና ነው። ሳይነቀነቅ ወለል ድረስ ከወረደ ላልቷል፤ እየነቀነቁት ከቦታው ካልተነሳ ጠብቋል። ብሎኗን መንካት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው፤ ይህም ከላይ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ። የብሎኗ አናት ላይ ያለው መስመር ወዴት እንደሚያመለክት በወረቀት ላይ ይሣላል፤ ከዚያ ከሩብ ዙር ያነሰ ይዞራል፤ ይሰፋል፤ ይታያል። ብሎኗ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሥራው ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶበት ቢሠራ ይመረጣል። ከበረንዳ ላይ ወደ አቧራ የወደቀች ብሎን አትገኝም፤ የቦቢኑ ቤትም ያለ እሷ ዋጋ የለውም።

በይፋግም ሆነ በጣና ዙሪያ ላሉ ልብስ ሰፊዎች ከሁሉ የሚከብደው ጨርቅ የአገሩ ጨርቅ ነው። በእጅ በተሠራ ሸማ ላይ ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ ለስላሳ ጥጥ ነው። ጨርቁ ስስና ልል ነው። ለተትሮን የተስተካከለ ውጥረት ሸማውን ይሰበስበዋል፤ ቀሚሱ በየስፌቱ ይሸበሸባል፣ ካውያም አይመልሰውም። ለሸማ ቀጭን መርፌ፣ ቀጭን ክርና ላላ ያለ ላይኛ ውጥረት ያስፈልጋል። ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ በኋላ ወረቀቱን መቅደድ ጨርቁ ከሥር በሚገፉት የመኪናው ጥርሶች እንዳይሳብና እንዳይኮማተር ይረዳል። ጥበቡ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥለቱ በቀለም ክር ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ከሸማው ብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ለሸማው የላላው ውጥረት እዚያ ከሥር ቀለበት ያወጣል። በአንድ ቀሚስ ላይ ሁለት ጨርቅ አለ ማለት ይቻላል። ጥንቁቅ ሰፊ የሸማውን ስፌቶች ሁሉ መጀመሪያ ጨርሶ፣ መርፌውን ለውጦ፣ ቁልፉን አጥብቆ፣ በቁራጭ ሞክሮ ወደ ጥበቡ ያልፋል። ይህን ለማድረግ የሚጠፋው ጊዜ የተበላሸ ጥበብ ፈትቶ ዳግም ከመስፋት ጋር አይወዳደርም፤ የባለቤቷ ገንዘብና የሸማኔው የስንት ቀን ድካም ያለበት ጨርቅ ነውና።

አካባቢውም በመኪናው ላይ ያርፋል። በበጋ የመንገዱ አቧራ በረንዳ ላይ ወዳለ መኪና ይገባል፤ በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲይዝ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ቀን ቀን ጨርቅ የሚሰፋበት መኪና ማታ ማታ በጨርቅ ቢሸፈን ሁለቱም ይቀንሳሉ። ከመርፌው ሥር ያለው ሳህን ተነስቶ በጥርሶቹ መካከል የተጠቀጠቀው ብናኝ በብሩሽ ይጠረግ፤ መንጠቆው የሚዞርበት ቦታ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይፈልጋል። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይሆንም። መጀመሪያ ያለሰልሳል፤ ከወራት በኋላ ግን እንደ ሙጫ ይደርቅና መኪናውን ያስራል። እንዲህ የታሰረ መኪና በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በትክክለኛው ዘይት እንደገና መቀባት አለበት። ዘይት ከተቀባ በኋላ ደግሞ ውድ ጨርቅ ከመያዙ በፊት በቁራጭ ላይ መስፋት ያስፈልጋል፤ ነጭ ሸማ ላይ የወደቀ የዘይት ጠብታ ቶሎ አይለቅም።

ይህ ሁሉ በገበያ በረንዳ ላይ ብቻ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። ከይፋግ ወደ ደቡብ፣ ጣና ዳር ባለችው ባሕር ዳር፣ ጣልያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋምም ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ልብስ ስፌትን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። በፋብሪካ ያለ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይሰፋል፤ ባለ ፔዳሉ ግን ጥቂት መቶዎችን። ሁለቱን ክሮች በጨርቁ መካከል የማገናኘት ሕግ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ በተቋሙ የሚሰጠው ዕውቀት ወደ ወረዳ ከተሞች በአጫጭር ሥልጠና ቢወርድ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ባለ ፔዳል መኪና መብራት አይፈልግም፤ ዕቃው ይገኛል፤ በአግባቡ ከተያዘ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በተሳሳተ ብሎን ምክንያት ጥግ ላይ ተጥሎ ማየት ያሳዝናል።

እርግጥ ሁሉም ነገር በቤት አይጠገንም። መርፌ ተቀይሮ፣ ክር እንደገና ገብቶ፣ ሁሉም ጸድቶ ስፌት መዝለሉ ካልቀረ፣ መንጠቆው ከመርፌው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ተዛብቶ ይሆናል፤ ወይም የመንጠቆው ጫፍ ተጭሮ ክሩን ይቧጥጣል። ቀላል ጭረት በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ሊለሰልስ ይችላል፤ የተዛባ ጊዜ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። መኪናውን ወደ ጠጋኝ የሚወስድ ሰው የመኪናውን ጭንቅላት ብቻ ተሸክሞ አይሂድ። የሚሠራበትን መርፌ፣ ቦቢኑን ከነቤቱ፣ ክሩን፣ እንዲሁም ጥፋቱ የሚታይበትን የተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ አብሮ ይያዝ፤ ጠጋኙም በዚያው ክርና በዚያው ጨርቅ ሰፍቶ ሳያሳየው ሒሳብ አይክፈል።